«ጨጓራ ነው» ስል የኖርኩት ሕመም

ከመካከላችሁ «ጨጓራዬ ነው» እያለ ዓመታት የገፋ አይጠፋም። እኔ ከ16 ዓመቴ እስከ 34 ገፍቻለሁ።

ጠግቤ ከበላሁ ሆዴ ይነፋል፣ ይቆርጠኛል፣ አንዳንዴም ያስመልሰኛል። እናቴ ተልባ ትበጠብጥልኛለች፤ ጎረቤት «ቡዳ ነው» ይላል፤ ሐኪም ቤት ስሄድ የጨጓራ መድኃኒት ይዤ እመለሳለሁ። በርበሬ ተውኩ፣ ቡና ተውኩ። ሠርግ ቤት ጉርሻ ስሸሽ «ኮርታ ነው» ያሉኝም ነበሩ።

የሁለተኛ ልጄን ልደት ባከበርንበት ሌሊት ግን ያስመለስኩት አረንጓዴ ሆነ። ቁርጠቱ ስላላቆመ ባለቤቴ ደግፎ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። በሲቲ ስካን ሲታይ ትንሹ አንጀቴ በቀኝ፣ ትልቁ በግራ ተከማችቷል፤ ትርፍ አንጀቴም ያለው በግራ ነው።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ። ጽንስ ሳለን አንጀታችን ለጥቂት ሳምንታት ከሆድ ወጥቶ እትብት ውስጥ ያድጋል። በ10ኛው ሳምንት ግድም ወደ ሆድ ይመለሳል፤ በጠቅላላው 270 ዲግሪ ዞሮም ቦታውን ይይዛል። የእኔ ዙሩን ሳይጨርስ ቀርቷል። እንዲህ ያለ አንጀት በቀላሉ ይጠመዘዛል፤ ከተጠመዘዘ ደም ይቋረጥበታል፤ በሰዓታት ውስጥም ሊሞት ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በሕፃንነት ነው።

እናቴ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። «በሆዴ ሳለሽ ምን አጎደልኩብሽ?» አለችኝ። ሐኪሙ «እናት፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» ባይላት ኖሮ እስከ ዛሬም ራሷን በከሰሰች ነበር።

ቀዶ ጥገናው ዊልያም ላድ በተባሉ የቦስተን ሐኪም ስም የሚጠራ ነው። የተጠመዘዘውን ይፈታሉ፤ አንጀቱን የሚጫኑትን ጅማት መሳይ ክሮች ይቆርጣሉ። ትርፍ አንጀቱንም ያወጣሉ፤ ወደፊት ቢቆጣ ሕመሙ በግራ ስለሚሆን ሐኪም እንዳይሳሳት ነው። አንጀቱ ግን እንደ ሌላው ሰው አይደረደርም፤ ዳግም የመጠምዘዝ ዕድሉ እንዲቀንስ ብቻ ይደረጋል። ስለዚህ አዲስ ሐኪም ዘንድ ስቀርብ ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ።

እናንተም መድኃኒት ወስዳችሁ እየተመላለሰ የሚያስቸግራችሁ ሕመም ካለ «ሌላ ምርመራ የለም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከከባድ ቁርጠት ጋር አረንጓዴ ካስመለሳችሁ ደግሞ ሳይነጋ ሂዱ፤ በተለይ ሕፃን ከሆነ አንድ ሰዓትም አትጠብቁ።

በፋሲካ እናቴ ዶሮ ወጥ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ከዚያም ፊቴን እያየች ቆየች። «ሌላ ድገሚኝ» አልኳት።