አሮጌ ጀልባን ስለ ማደስ

አሮጌ ሞተር ጀልባ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው የሚረከበው እንጨትና ብረት ብቻ አይደለም፤ የተሳፋሪውን ሕይወት አደራ ጭምር ነው እንጂ። እኔም በባሕር ዳር አንዲት የእንጨት ጀልባ በገዛሁ ጊዜ፥ ስለ ቀለሟ ከማሰቤ አስቀድሞ የታችኛውን ሳንቃ በወስፌ እየወጋሁ መረመርሁ። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይመልሳል፤ የበሰበሰው ግን ያስገባዋል። ሦስት ሳንቃዎች ተለወጡ፤ መጋጠሚያዎቹም በጥጥና በሬንጅ ተደፈኑ።

በየብስ ላይ የቈየ እንጨት ደርቆ ስለሚኰማተር፥ ጀልባዪቱ ወደ ሐይቁ በገባች ቀን ውኃ አስገባች። ባለቤቴም ይህን አይታ «ልጆቻችንን በዚህች ላይ ታሳፍራቸዋለህን?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበረና፥ ሳንቃው ውኃ ጠጥቶና አብጦ እስኪገጥም ድረስ ጀልባዪቱ በገመድ ታስራ ሰነበተች።

የሞተሩም ነገር እንዲሁ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሆነ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ከዚህም የተነሣ ተራ ሞተር ከኀይሉ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው እምቦጭ ደግሞ በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ የማቀዝቀዣውን ውኃ መግቢያ ከዘጋም ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ስለዚህ ሁለቱን ሳይመለከቱ መነሣት አይገባም።

በመጨረሻም ለቀለም ያስቀመጥነው ገንዘብ ለአምስት የሕይወት አድን ጃኬቶች ዋለ። ጀልባዪቱ እስከ ዛሬ ቀለሟ የተላጠ ነው፤ ባለቤቴ ግን ልጆቹን ይዛ ትሳፈርባታለች።