ማርቲ ለቅሶ ሲደርስ

ሽሮ ሜዳ ተከራይተን የምንኖርባት ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ መሬት ላይ የሚዘረጋ ፍራሽና የጓደኛዬ አሮጌ ላፕቶፕ ነበራት። አልጋው ላይ በየሳምንቱ እየተቀያየርን ነበር የምንተኛው። ላፕቶፑ ግን ሁሌም የጋራ ነው። በ2006 ዓ.ም. የካቲት ላይ ደግሞ ከምግቡም ከአልጋውም በላይ የምንሳሳለት እሱ ነበር፤ «ትሩ ዲቴክቲቭ» የሚባለው ተከታታይ ፊልም በሳምንት አንድ ክፍል እየወጣ ነበራ።

ያላያችሁት ካላችሁ፣ እዚህ ላይ መጨረሻውን እናገራለሁ። ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በኋላ አበላሸህብን እንዳትሉኝ።

ታሪኩ የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ነው። በፈረንጆቹ 1995 ጥር መጀመሪያ ላይ፣ በተቃጠለ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ውስጥ፣ አንዲት ወጣት ሴት ተገድላ ትገኛለች፤ ዛፍ ሥር ተንበርክካ፣ ራሷ ላይ የአጋዘን ቀንድ ተደርጎ። ጉዳዩን ሁለት መርማሪዎች ይይዙታል። አንዱ ራስት ኮል ነው፤ ማቲው መካነሂ የሚጫወተው። ብቸኛ ነው፣ እንቅልፍ የለውም፣ የሰው ልጅ ባይፈጠር ይሻል ነበር ብሎ ከልቡ ያምናል። ሌላው ማርቲ ሃርት ነው፤ ዉዲ ሃረልሰን። ባለትዳርና የሁለት ሴት ልጆች አባት፣ ስለ ቤተሰብ ክብር አፉን ሞልቶ የሚናገር፣ ሚስቱ ላይ ግን የሚማግጥ። በ2002 እነዚህ ሁለት ሰዎች ተደባድበው ይለያያሉ፤ ለ10 ዓመት አይነጋገሩም። ስምንቱንም ክፍል የጻፈው አንድ ሰው ነው፣ ኒክ ፒዞላቶ፤ ስምንቱንም ያዘጋጀው ደግሞ አንድ ዳይሬክተር፣ ኬሪ ፉኩናጋ። አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ ረጅም ፊልም የሠሩ ነው የሚመስለው።

ጓደኛዬ ሲጋራ ያጨሳል፣ ጨለምተኛ ነገር ይወዳል፣ ሌሊት ሌሊት ይነሳል። ሦስተኛው ክፍል ላይ ስንደርስ «ራስት» አልኩት። እሱም ወዲያው «ማርቲ» አለኝ። አከራያችን ግን ግራ ገባቸው። አንድ ቀን ውሃ ስቀዳ ጠርተው «ልጄ፣ ማርቲ የማርታ ማቆላመጫ አይደል እንዴ? ምን አድርገኸው ነው በሴት ስም የሚጠራህ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ግቢው በሙሉ ማርቲ አለኝ።

እኔ ማስታወሻ ደብተር ነበረኝ። እውነቴን ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌን እንደዚያ ጠንክሬ አልሠራሁም። «ቢጫው ንጉሥ» ማነው? ካርኮሳ የተባለው ቦታ የት ነው? ሮበርት ቻምበርስ የሚባል አሜሪካዊ በ1895 ባሳተመው የአስፈሪ ታሪኮች መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱም ስሞች እንዳሉ ካወቅሁ በኋላማ አበድኩ። የማርቲን አማት ጠረጠርኩ። ማርቲን ራሱን ጠረጠርኩ። ጓደኛዬ ፍራሹ ላይ ተጋድሞ ያየኝና ይስቃል።

የመጨረሻው ክፍል አሜሪካ ውስጥ የታየው እሑድ ምሽት ነበር፤ በእኛ ሰኞ መጋቢት 1፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። መካነሂ ኦስካር ከወሰደ ልክ ሳምንቱ ነበር። በዚያ ምሽት ያየው ሰው ከመብዛቱ የተነሳ የኤችቢኦ የኢንተርኔት አገልግሎት ተጨናንቆ ቆመ ሲባል ደስ ብሎን ነበር። ኔትወርክ የሚጠፋው እኛ ጋ ብቻ ይመስለን ነበራ። ለኛ ዶርም ያለ ልጅ በሌሊት አውርዶ በፍላሽ እስኪያመጣልን ረቡዕ ሆነ። ዐቢይ ጾም ነበር። የጓደኛዬ እናት ከደብረ ዘይት በፌስታል ቋጥረው የላኩትን ሽሮ ሠርተን፣ ከአንድ ሰሃን እየበላን፣ ሰብታይትሉን ከፍተን (የራስትን አነጋገር ያለ ሰብታይትል የሚሰማ ጀግና ነው) ማየት ጀመርን።

ሲያልቅ ተናደድኩ።

ገዳዩ ቀደም ባሉት ክፍሎች ሣር ሲያጭድ ያየነው ሰውዬ ነው። ምርመራውን የፈታውም አንድ የአረንጓዴ ቀለም ፍንጭ ነው፤ የድሮ ፎቶ፣ ቤታቸውን የተቀቡ ባልቴት፣ የግብር መዝገብ። መርማሪዎቹ ይሄዳሉ፣ በዚያ ፍርስራሽ ምሽግ ውስጥ ይጋደላሉ፣ ራስት ሆዱን ይወጋል፣ ማርቲ ደረቱን በመጥረቢያ ይመታል፣ በመጨረሻ ራስት ሰውዬውን ጭንቅላቱን ይለዋል። እሺ። ግን ሕፃናቱን ሲያጠፉ የነበሩት ብዙዎች ናቸው፤ ከጀርባ ቱትል የሚባል ባለሥልጣንና ባለሃይማኖት ቤተሰብ አለ። በቴሌቪዥን ዜና ላይ ሴናተሩ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም ተባለና አለቀ። «ተበላን!» አልኩ። «ሣር አጫጁን ገደሉ፣ ጌቶቹ ቤታቸው ገቡ።» ደብተሬን ወረወርኩ።

ጓደኛዬ መልስ አልሰጠኝም። ሰሃኑን አንስቶ አጠበ። ከዚያ ሲጋራውን ይዞ በሩ ላይ ቆመና «አንተ እስካሁን ገዳዩን ነበር እንዴ ስትፈልግ የነበረው?» አለኝ። ወጣ።

እንደ ቀልድ ነው የወሰድኩት።

ከተመረቅን በኋላ ሰርግ መቅረጽ ጀመርን። ካሜራ እኩል አዋጥተን ገዛን፤ እሱ ይቀርጻል፣ እኔ ኤዲት አደርጋለሁ። ሥራው ክፉ አልነበረም። በ2010 እናቱ ታመሙና ለሁለት ወር ደብረ ዘይት ሄደ። እኔ በዚያ መሃል ደመወዝ ያለው ሥራ አገኘሁ፣ ቤት መቀየር ነበረብኝ፣ ብር ቸገረኝ። ካሜራውን ሸጥኩት። የእሱን ግማሽ ሳንቲም ሳላጎድል በባንክ ላክሁለት። ሲደውል ድምፁ አልጮኸም፤ «ሳትጠይቀኝ?» ነው ያለው። እኔ ደግሞ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ብርህ ደርሶሃል አይደል?»

በቃ። ዱላ የለ፣ ስድብ የለ። እንደ ራስትና ማርቲ መኪና ማቆሚያ ላይ ብንደባደብ ሳይሻል አይቀርም ነበር። ስድስት ዓመት ዝም ተባባልን።

በ2016 ግንቦት እናቱ አረፉ። ያየሁት በባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ልጆቹ ሚኒባስ ተከራዩ፤ «ትመጣለህ?» አሉኝ። «ሥራ አለብኝ» አልኩ። ለመዋጮው 1000 ብር ላክሁ። እንደገና ብር።

ሰርግ ቢቀር ይረሳል፤ ለቅሶ ግን እንደዚያ አይደለም። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ሠልስቱ አለፈ። አርባ ላይ እሄዳለሁ አልኩ፣ አርባውም አለፈ። አስቸጋሪው ነገር፣ በዘገየህ ቁጥር መሄዱ ይከብዳል፤ በሦስተኛው ቀን የሚጠየቀው «እግዜር ያጥናህ» ብቻ ነው፣ በሦስተኛው ወር ግን ምክንያትም ጭምር ነው። የሴትዮዋን ሽሮ አራት ዓመት በልቻለሁ፤ ምን ዓይነት ምክንያት ነው የምይዘው?

ባለፈው ጥቅምት እንቅልፍ ሲያጣኝ ያንን ሲዝን እንደገና ከፈትኩት። ደብተር የለ፣ ጥርጣሬ የለ። ገዳዩን አውቀዋለሁ። እና ገዳዩን ስታውቀው ሌላው ሁሉ ይታይሃል።

ለምሳሌ የመጀመሪያውን ክፍል። ራስት ማርቲ ቤት እራት ተጋብዞ ሰክሮ ይመጣል። ያኔ ስናይ ስቀንበት ነበር። ግን ሰውዬው በኋላ ሲጠየቅ ይናገረዋል፤ ያ ቀን፣ ሬሳው የተገኘበት ቀን፣ የሞተችው ትንሽ ልጁ የልደት ቀን ነበር። ልጅቷ በመኪና አደጋ ነው የሞተችው። ከዚያ በኋላ ትዳሩ ፈረሰ፣ እሱም ዓመታትን በዕፅ ነጋዴዎች መሃል ማንነቱን ደብቆ ሠራ። ማለት የፈለግሁት፣ ይህ ሰው ለቅሶ አልተቀመጠም። ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው ከቦት፣ «በቃ፣ ተው» የሚለው አላገኘም። ስምንቱን ክፍል ሙሉ የሚያወራው ፍልስፍና፣ ያ ሁሉ ስለ ሰው ልጅ ከንቱነት የሚያወርደው፣ ለካ የቆየ እንባ ነው። በዚያው ክፍል መኪና ውስጥ ማርቲ ሰልችቶት፣ ከአሁን በኋላ እዚህ መኪና ውስጥ ዝም ብለን እንሂድ ይለዋል።

አሁን ደግሞ መጨረሻው። ሁለቱም ቆስለው ሆስፒታል ተኝተዋል። ማርቲን የፈታት ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ሊጠይቁት ይመጣሉ፤ ደህና ነኝ ይላቸዋል፣ ይደግመዋል፣ ሦስተኛው ላይ ፊቱ ይፈርስና ያለቅሳል። ይህን ቦታ ያኔ ውሃ ልጠጣ ተነስቼ አልፌው ነበር መሰለኝ። ከዚያ ሌሊት ነው። ማርቲ ራስትን በዊልቸር ደጅ ያወጣዋል። በሪባን የታሰረ ስጦታ ይሰጠዋል፤ አንድ ፓኮ ሲጋራ። ራስት ሁሉንም አልያዝናቸውም ብሎ ይጀምራል፤ ማርቲ እኛ የኛን ይዘናል ዓይነት ነገር ይመልስለታል። በ2006 የተናደድኩበት መልስ ይኸው እዚያው ነበር፤ አልሰማሁትም እንጂ። ከዚያ ራስት በሞትና በሕይወት መሃል ሳለ ጨለማው ውስጥ ልጁ ስትጠብቀው እንደተሰማው ይናገራል። አባቱም እዚያ ነበር። ልሂድ ብሎ ራሱን ለቀቀ፤ ነቃ። እና ያለቅሳል፤ እንደ ልጅ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ።

ማርቲ ምን አደረገ? አላቀፈውም፣ አልመከረውም። አላስካ ውስጥ ልጅ ሳለህ ስለ ከዋክብት ታሪክ ትፈጥር ነበር ብለኸኝ ነበር፣ እስቲ እሱን ንገረኝ አለው። ያ በመኪናው ውስጥ ዝም በል ያለው ሰው! ሁሉም የሚጠቅሰው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የብርሃንና የጨለማ ንግግር ነው፤ ለእኔ ትንሽ ስኳር በዝቶበታል። የማርቲ ጥያቄ ነው የሚበልጠው። ለቅሶ ቤት የሚሠራው ሥራ ይኸው አይደል እንዴ? ልጅ ሳለሁ ድንኳን ውስጥ ሰዎች ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወሩ፣ ጎረምሶቹ ካርታ ሲጫወቱ ሳይ ጨካኞች ይመስሉኝ ነበር። ሐዘንተኛውን እያጫወቱት ነበር። ማርቲ 17 ዓመት ዘግይቶ ለቅሶ ደረሰ። ጓደኛዬ ይህን በመጀመሪያው ቀን አይቶታል፤ እኔ ግብር መዝገብ ውስጥ ነበርኩ።

እሑድ ጠዋት ከቃሊቲ ሚኒባስ ያዝኩ። ሲጋራ ገዝቼ ሪባን ላስርበት አስቤ ነበር፤ ሱቁ ደጃፍ ቆሜ አፈርኩ። ቡናና ስኳር ገዛሁ። መንገዱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ነው ያሳፈረኝ፤ አንድ ሰዓት።

በሩን እሱ ከፈተው። ከስቷል፣ ጺሙ ወጥቷል። አየኝ። «እግዜር ያጥናህ» አልኩ፤ አምስት ወር የዘገየ ቃል አፌ ውስጥ ደረቀ። «ግባ» አለኝ። «ጫማህን አታውልቅ።»

የእናቱ ፎቶ ቡፌው ላይ በጥቁር ጨርቅ ተከቧል። ባለቤቱ ቡና አቀረበች። መጀመሪያ ስለ መንገዱ፣ ስለ ታክሲ ዋጋ አወራን። ከዚያ ምን እንደምል ስለጠፋኝ «ያ ሽሮ ግን... ምን ነበር የሚጨምሩበት? እኔ ስሠራ አይመጣም» አልኩት። ጓደኛዬ ስኒውን አስቀመጠ። ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ሽንብራው ከየት ወረዳ እንደሚገዛ፣ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ማንንም እንደማያምኑ፣ የመጨረሻው ዓመት ላይ ማየት ሲሳናቸው በጣታቸው ዳስሰው ደቀቀ፣ አልደቀቀም ይሉ እንደነበር፤ አወራ። ወደ ሁለት ሰዓት ይሆናል አወራ። መሃል ላይ ድምፁ ተቆረጠና ተነስቶ ወጣ፤ ተመለሰ፤ ቀጠለ።

ልሰናበት ስል «ስለ ካሜራው...» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱን ሌላ ቀን» አለኝ። ተቆጥቶም፣ ይቅር ብሎም አልነበረም። ሌላ ቀን ነው ያለው።

እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ሲጋራ ትቷል፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሚኒባሱ ሲመጣ «ማርቲ» አለኝ፤ ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝ። «አራተኛውን ሲዝን አይተኸዋል? ታሪኩ አላስካ የሆነውን? የራስትን አባት ያነሱበታል።»

«አላየሁትም።»

«አትየው» አለኝና በሩን ዘጋልኝ።