ፍሙ ደጅ ይደር

በደጋ አገር የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በእነዚህ ወራት ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ማንደጃውን ወደ ቤት ያስገባና በሩን ይዘጋል።

እኛ አስተማሪዎች የምናድርባት ክፍል ሁለት አልጋ ከያዘች ወዲያ መፈናፈኛ የላትም። የቤቱ ባለቤት እማማ በመጀመሪያው ማታ ደህና የተቀጣጠለ ፍም ይዘውልን መጡ። «ልጆቼ፣ ብርዱ እንዳይገድላችሁ» አሉን። የእናት እጅ እንዴት ይመለሳል? አብረናቸው ሞቅን፤ ቡናም ጠጣን። ስንተኛ ግን ማንደጃውን ደጅ አወጣነው። እማማን ቅር አላቸው። «ጭሱ እኮ አልቋል! ውኃም ከጎኑ አስቀምጫለሁ» አሉ።

ቁጭ ብለን አስረዳናቸው። የፍሙ ጭስ ቢያልቅም አደጋው አላለቀም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ይወጣዋል። አይታይም፤ አይሸትም። ስንተነፍሰው ደማችን ውስጥ ይገባና የኦክስጅንን ቦታ ይወስዳል። ደም ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል፤ ጉልበት ይከዳል። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ግን ይህ አይሰማውም። እንደተኛ ይቀራል። ከጎን የተቀመጠው ውኃም ይህን አየር አይስበውም። በላምባ የሚነድ ምድጃም በተዘጋ ቤት ውስጥ ያው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን የአራስ ቤት ነው። ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በሩም መስኮቱም ይዘጋል። ፍሙም አጠገቧ ይደረጋል። ሕፃኑ እንደሆነ አፍ አውጥቶ «ራሴን አመመኝ» አይል።

ታዲያ በምን እንሙቅ? እኛ የሞቀ ውኃ እንመርጣለን። ውኃው ይሙቅ እንጂ አይፍላ፤ የፈላ ውኃ የፕላስቲክ ዕቃ ያጣምማል፤ ሰውም ያቃጥላል። ክዳኑ በማያፈስ ዕቃ አድርጉና በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አኑሩት። ለሕፃን ግን መኝታውን ያሙቅና ሕፃኑ ሳይተኛ ይውጣ። መብራት በገባበት ቤት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይህ መርዝ የለበትም። ከብርድ ልብስ ይራቅ፤ ስትተኙም ይጥፋ። ፍም የግድ ከሆነ በርና መስኮት ገርበብ ብሎ ይሞቃል፤ ከመኝታ በፊት ደጅ ይወጣል።

ከሰል ያፈነው ሰው ካገኛችሁ በሩን በርግዱት። ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ፈጥናችሁም ጤና ጣቢያ አድርሱት። ወተት እናጠጣው የሚሉ አሉ። ራሱን የሳተን ሰው ወተት ያንቀዋል እንጂ አያድነውም። ለሐኪሙም «ፍም ባለበት ቤት አድሮ ነው» ብላችሁ ንገሩት። ያን ጊዜ ኦክስጅን እንደሚያስፈልገው ቶሎ ያውቃል።