ባቱ የወፈረ ልጅ ሁሉ ጠንካራ አይደለም

ወንድ ልጃችሁ ከእኩዮቹ በላይ ይወድቃል? ደረጃ መውጣት ይከብደዋል? ከመሬት ሲነሳ በእጆቹ ጉልበቱንና ጭኑን እየተደገፈ ነው? ባቱ ግን የኳስ ተጫዋች ይመስላል? እንግዲያው ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የማስበው ዱሼን የሚባለውን የጡንቻ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። በየቀኑ የሚያጋጥም በሽታ አይደለም። ግን ልጆቹ «ሰነፍ ነው» እየተባሉ፣ ወጌሻ ጋ እየታሹ ጊዜ ያልፋል።

ጡንቻችን ሲሠራ የሴሉ ሽፋን እንዳይቀደድ ከውስጥ የሚይዘው ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን አለ። እንደ ድንኳን ገመድ አስቡት። ዱሼን ያለበት ልጅ ይህ ፕሮቲን ጨርሶ የለውም ማለት ይቻላል። በሮጠና በዘለለ ቁጥር ሽፋኑ ይጎዳል፤ በዓመታት ውስጥ ጡንቻው በስብና በጠባሳ ይተካል። የባቱ መወፈርም በአብዛኛው ከዚህ ነው። ፕሮቲኑ ኖሮ የተጓደለ ከሆነ ግን በሽታው ቤከር ይባላል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የዲስትሮፊን የቅርብ ዘመድ ዩትሮፊን ነው። ፅንስ ሳለን የጡንቻችንን ሽፋን ዙሪያውን ይይዝ ነበር። ስናድግ ቦታውን ለዲስትሮፊን ይለቅና ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይወሰናል። ዲስትሮፊን በጠፋበት ጡንቻ ውስጥ ደግሞ ተመልሶ ይበዛል፤ የወንድሙን ሥራ ሊሸፍን የመጣ ይመስላል። አይበቃም እንጂ። እሱን በመድኃኒት ለማብዛት ተሞክሯል፤ ኤዙትሮሚድ የተባለው ሙከራ ግን ውጤት ስላላሳየ በ2018 ቆመ።

አንዲት እናት ውጤቱን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ መድኃኒት አልነበረም። «ዶክተር፣ ከእኔ ነው አይደል? የባሌ ቤተሰቦች በእኛ ዘር የለም እያሉኝ ነው» አለችኝ። እህቴ፣ ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ከእናት ሊተላለፍ ይችላል። ከሦስት ልጆች በአንዱ ገደማ ግን ለውጡ ከእናቱ ሳይወረስ አዲስ የተፈጠረ ነው። ተላልፎ ቢሆንስ? ማን መርጦ ያወርሳል! ይልቅ ጂኑን የተሸከመች እናት የራሷን ልብ ትመርመር፤ ይህን የሚነግራት ሰው ጥቂት ነው።

ሐኪማችሁን «ሲኬ ይታይለት» በሉ። ቀላል የደም ምርመራ ነው፤ በዱሼን ከጤናማው በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይጨምራል። የጉበት ምርመራ የምንላቸው ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲም ከጡንቻ ስለሚወጡ፣ በሚወድቅ ልጅ ላይ ከፍ ብለው ከተገኙ ጉበቱን ብቻ አትጠርጥሩ።

ፈውስ አልተገኘለትም፤ የሚደረግ ነገር ግን አለ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ዘመን ያራዝማሉ፤ በሐኪም ክትትል ብቻ ይወሰዳሉ፤ በድንገት አይቋረጡም። ፊዚዮቴራፒና የልብ ክትትልም ገና መራመድ እየቻለ ይጀመር። ጠንከር ያለ መታሸት ግን ይቅርበት።