ንብ የማይበላበት ገበጣ

ያን ክረምት የእህቴ ልጅ እኛ ቤት መጣች። እናቷ ለሥራ ቤሩት ሄዳ ነበር። አምስት ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ዝምተኛ፣ ከአያቷ ነጠላ ጫፍ የማትላቀቅ ልጅ። እኔ ደግሞ ያኔ ወንደላጤ ነኝ፤ ከሕፃን ጋር ምን እንደሚወራ ከየት አባቴ ልወቀው? «ስምሽ ማነው?» እላታለሁ። ስሟን ማወቄን ስለምታውቅ ዝም ትለኛለች።

ያስተዋወቀን አሸን ነው። አንድ ምሽት ዝናቡ አባርቶ፣ የቆርቆሮው ጩኸት ጋብ ሲል፣ አሸኑ ከመሬት ፈልቶ የበረንዳውን አምፖል ወረረው። እሷ ደረጃው ላይ ቁጢጥ ብላ የረገፈውን ክንፍ ትለቅማለች። «ጋሼ፣ ክንፉን ጥሎ በምን ይሄዳል?» አለችኝ። በእግሩ፣ አልኳት፤ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይሄዱና አፈር ቆፍረው ቤት ይሠራሉ። ትንሽ አሰበችና «እኛ እንሥራላቸው» አለች።

ቤቱ የእንቁላል ትሪ ሆነ። ባለሱቁ 30 እንቁላል ከሚይዙት የወረቀት ትሪዎች ውስጥ ደረቁን መርጦ «ለልጅቷ ከሆነማ» ብሎ በነፃ ሰጠን። ባለስድስት ጉድጓዱን ሁለት ረድፍ ቆርጬ ሳነሳ፣ እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ይኼማ ገበጣ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። በልጅነታችን መሬት ቆፍረን የተጫወትንበት 12 ጉድጓድ ራሱ፤ አራት አራት ጠጠር ሲደረግበት 48። ልጅቷ ግን ጠጠር አልፈለገችም። ነፍሳት ናቸው የሚኖሩበት።

ቦሎቄ አመጣን። ነጩን ቦሎቄ በእርድ ቀብተን በከሰል ስናሰምርበት ንብ ወጣው። ጥቁሯ ባቄላ ጢንዚዛ ሆነች። ነጠብጣብ ላላት ቀይ ጢንዚዛ ቀለም ሲጠፋ፣ እህቴ መሳቢያ ውስጥ ትታው የሄደችው የጥፍር ቀለም ትዝ አለኝ። ክዳኑን ስከፍተው ያ ስል ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጅቷ አፍንጫዋን ጠርሙሱ ላይ ደቀነችና «እማዬን እማዬን ይሸታል» አለች። አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ ግን ከቀይዋ በስተቀር ሌላ ነፍሳት አልሠራ አለች፤ ያ ሁሉ ቦሎቄ ቀላ። እኔም ጠርሙሱን ቶሎ አልከድነውም ነበር።

እግሩ የእኔ ድርሻ ነው፤ በእስክሪብቶ፣ ለእያንዳንዱ ስድስት ስድስት። ሸረሪት እግሯ ስምንት ስለሆነ ከነፍሳት አትቆጠርም ብል ማን ይሰማኛል! ሸረሪትም ገባች። አንድ ቀን ደግሞ ልጅቷ ከአጥር ሥር የጉሎ ፍሬ ለቅማ መጣች። ዝንጉርጉርነቱ ቁርጥ መዥገር፤ ቀለምም አያሻው። እናቴ ከእጇ ላይ አፈፍ አደረገችው። «ይኼ የምጣድ ማሰሻ ነው፣ መርዝ ነው፣ ወደ አፍ ከገባ ይገድላል!» ብላ እጇን በሳሙና ደጋግማ አጠበቻት። ማካካሻው ትኩስ ቆሎ ነበር፤ እኔም ተቋደስኩ።

ጨዋታው ሲጀመር ጠብ ተነሣ። እንደ ደንቡ ዞሬ ዞሬ «በላሁ!» ስል ልጅቷ ትሪውን በሁለት ክንዷ ሸፈነችው። ንብ አይበላም። ንብ ቤቱ ነው የሚገባው። እሺ፣ ቤቱ ይግባ ተባለ። ብዙ ነፍሳት ቤቱ ያስገባ ያሸንፋል ብንልም፣ እሷ የገቡትን መልሳ ታወጣለች፤ «ራባቸው» ትላለች። እንዲህ ሆኖ ጨዋታው የሚያልቀው እራት ሲቀርብ ብቻ ነበር።

አሁን መርካቶ ብትሄዱ የፕላስቲክ ቢራቢሮና ፌንጣ በከረጢት ይሸጣል። ጥሩ ነው፣ እግሩም በትክክል ስድስት ነው። ምንም አይሸትም እንጂ። ልጅቷ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ለበዓል ስትመጣ ስለዚያ ገበጣ እንከራከራለን። «ንብ አይበላም» ያልከው አንተ ነህ ትለኛለች፤ አንቺ ነሽ እላታለሁ። እናቴ ብትኖር ትፈርድልን ነበር። ኧረ እሷስ ድሮም ለልጅቷ ነው የምታደላው።