ተረቱ ይጠይቅ፣ ልጁ ይለካ

«ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ብሎ ያልመለሰ ያገራችን ልጅ ጥቂት ነው። ይሁንና ተረት የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሀብት ብቻ ተደርጎ ሲቆጠር፣ ሳይንስ ደግሞ ትርጉም የሚሸመደድበት ትምህርት ሆኖ ይቀራል። «ሙቀት የኃይል ዓይነት ነው» ብሎ የሚያነበንብ ልጅ «ታዲያ ከእሳት ስትርቅ ለምን ይበርድሃል?» ሲባል ዝም ይላል። በኔ እምነት ሁለቱ በአንደኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ቢገናኙ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ለማስረጃ አንድ ተረት ይበቃኛል።

ሃሮልድ ኩርላንደርና ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የተረት ስብስብ ውስጥ በተራራ ላይ ስላለ እሳት የሚናገር ያገራችን ተረት አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በኢትዮጵያ ያደገችው ደራሲ ጄን ከርትዝ ለሕፃናት በሥዕል መጽሐፍ አቅርባዋለች። አንድ ድሃ አገልጋይ ከሀብታም ጌታው ጋር ይወራረዳል፤ ያለ ልብስና ያለ እሳት ብርዳም ተራራ ላይ ማደር አለበት። ሌሊቱን ሙሉ ከሩቅ የሚታይ እሳት እያየ በሕይወት ያድራል። ጌታው ግን «እሳት እያየህ ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ይፈርድለታል። በኋላ ግብዣ ይጠራና እንግዶቹ ወጡን እንዲያሸቱ እንጂ እንዲቀምሱ አይደረግም። ሽታ ካላጠገበ፣ የሩቅ እሳትስ እንዴት ያሞቃል?

ይህን ተረት እኛ ሰፈር፣ ሳንሱሲ፣ ለጎረቤት ልጆች ነግሬያቸው ነበር። የኅዳርን ሌሊት ብርድ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ያውቁታል። ሁሉም ለድሃው አጨበጨቡ። አንዷ ግን «ጋሼ፣ ትንሽ ትንሽ እኮ ይሞቀዋል!» አለችኝ።

ልጅቷ ልክ ናት። ዓይናችን ያየው የእሳቱ ብርሃን ከደረሰን፣ ከሙቀቱም ጨረር ኢምንት ያህል ይደርሰናል። ጥያቄው «ምን ያህል?» ነው። ከትንሽ እሳት 1 ሜትር ላይ የሚደርሰን ሙቀት፣ 10 ሜትር ስንርቅ ወደ 100ኛው፣ 1 ኪሎ ሜትር ስንርቅ ደግሞ ወደ ሚሊዮንኛው ይወርዳል። ጌታው ጨርሶ አልዋሸም ማለት ነው፤ ፍርዱ ግን አሁንም ግፍ ነው። ተረቱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ይላል፤ ሳይንስ ይለካል።

ይህን ለማስተማር ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። መምህሩ ደጅ ላይ የከሰል ምድጃ ያቀጣጥል፤ ልጆቹ በየተራ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት እርምጃ እየራቁ መዳፋቸው የተሰማውን ይናገሩ። ቀጥሎ ስለ ሽታው ይጠየቁ፤ ሽታ ከወጡ ተነስተው አፍንጫችን የሚደርሱ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው። እሱም ያው «ምን ያህል?» ነው።

«ተረት ልጆችን ያሳስታል፣ እንስሳ አይናገርም» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀጭኔዋ ፀሐይ ልጆችን ስለ ጤና አስተምራለች፤ ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል። ችግሩ ቀጭኔዋ መናገሯ ላይ አይደለም። ችግር የሚመጣው የተረቱ መደምደሚያ የትምህርቱም መደምደሚያ ሲሆን ነው።

እኛም ነገ የልጆች ዓምድ ወይም የሬዲዮ ዝግጅት የምንይዝ ጋዜጠኞች ነን። ተረቱን ነግረን ምክሩን አሸክመን ልጁን አናሰናብተው። «እስቲ እንየው» የሚል ልጅ ሲነሳ፣ ምድጃውን እናቅርብለት።