የመስኮት ብርሃን ይበቃል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ቅዳሜ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠረጴዛውን ወደ ሰሜኑ መስኮት አስጠግቼ ትንሿን ጀበናና ሁለት ነጭ ሲኒዎች አስቀመጥኩ። የማነሳው በትልቁ፣ ባለ 4 በ5 ኢንች የፊልም ካሜራ ነው። ጥቁር ጨርቅ ተከናንቤ የኋላውን መስታወት ሳይ ጀበናዋ ተዘቅዝቃ፣ ግራና ቀኟም ተለዋውጦ ትታያለች። እንዲህ ሲያዩዋት ዕቃነቷ ይረሳል፤ ቅርጿና ጥላዋ ብቻ ይቀራሉ። የቱ ሲኒ ከልክ በላይ እንደተጠጋ፣ የቱ ጥግ እንደሳሳ ወዲያው ይለያል። ከሰዓት በኋላውን ዕቃ በማቀራረብና በማራራቅ አሳለፍኩት።

እሑድ፣ ጥር 4

ጀበናዋ ጥቁር፣ ሲኒዎቹ ነጭ ናቸው። ጥላው ውስጥ ያለው ሸክላ እንዳይጠፋ ከመስኮቱ ትይዩ ነጭ ካርቶን አቆምኩ። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 32 ላይ አጠበብኩት፤ የብርሃን መለኪያው 4 ሰከንድ አለ።

ይህ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። የቅርብ ነገር እንዲጠራ የካሜራው ወናፍ መርዘም አለበት፤ ሲረዝም ደግሞ ፊልሙ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ይሳሳል። ሌንሴ 150 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወናፉ ግን 225 ደረሰ፣ አንድ ተኩል እጥፍ። አንድ ተኩል በራሱ ሲባዛ 2.25 ነውና 4 ሰከንዱ 9 ይሆናል። በዚያ ላይ መጋለጡ ሲረዝም ፊልም ብርሃን የመቀበል አቅሙ ይደክማል። በኢልፎርድ ኤፍፒ4 ፕላስ ፊልም ቀመር 9ኙ ወደ 16 ያድጋል። ወለሉ እንዳይንቀጠቀጥ ባለሁበት ቆሜ 16 ቆጠርኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ፊልሙን አጠብኩ። በኔጋቲቩ ላይ የጀበናዋ አንገት፣ የሸክላው ሻካራነት፣ የሲኒው ከንፈር ቁልጭ ብለው ወጥተዋል።

የቼኩን ፎቶግራፍ አንሺ ጆሴፍ ሱዴክን አሰብኩ። ቀኝ እጁን በአንደኛው የዓለም ጦርነት አጥቶ፣ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት የፕራግ ስቱዲዮውን መስኮትና ደፉ ላይ ያሉትን ተራ ዕቃዎች በትልልቅ ካሜራዎች ሲያነሳ ኖሯል።

ብርሃን ሲያንስ ጊዜ ይተካዋል፤ የማይነቃነቅ ዕቃ ደግሞ ጊዜ አይከለክልም። ስለዚህ ውድ መብራት እስኪገዛ የምትጠብቁ ካላችሁ አትጠብቁ። ጠረጴዛችሁን ወደ መስኮት አስጠጉና ጀምሩ።